ከገና በፊት የተከፈለው ደመወዝና ረጅሙ ጥር፦ ከደብረ ብርሃን የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል። የብዙ ሰው ደመወዝ ደግሞ በ30 ነው። በዓሉ ደመወዙን በአንድ ቀን ይቀድመዋል። በግ፣ ዶሮና ቅቤ የሚገዛው ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ኪስ ሲሳሳ ነው።

ይህን ያዩ አሠሪዎች ደመወዝ ከበዓሉ በፊት ይከፍላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን የመክፈያ ቀን ሲቀድም ገንዘቡ አይጨምርም። የቀደመው ቀን ከሌላ ቦታ ተወስዶ ነው የሚመጣው፤ ያ ሌላ ቦታ ደግሞ ጥር ነው። ይህ ጽሑፍ አንድ ፋብሪካ በሁለት ገናዎች፣ በ2017 እና በ2018፣ ያደረገውን ይዘግባል። ሰዎቹንም ድርጅቱንም በስም አልጠራም። እኔ ጉዳዩን የማውቀው የደመወዝ አሠራሩን እንድመለከት ተጠርቼ ነው።

ፋብሪካውና ሠራተኞቹ

ፋብሪካው ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ይሰፋል። ሠራተኞቹ ሁለት መቶ አይሞሉም። ባለቤቱ በዓል ሲደርስ ሠራተኛውን ሳይጠይቁ የማያልፉ ሰው ናቸው። ይህን የምለው ታሪኩ የክፉ አሠሪ ታሪክ ስላልሆነ ነው። በቅን ልብ የተጀመረ ነገር እንዴት ሰው እንደሚያስቸግር ያሳያል፤ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ይመስለኛል።

አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ናቸው። ከመንዝ፣ ከሞረትና ጅሩ፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከባሶና ወራና ገጠር የመጡ ናቸው። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ የደመወዝ ሥራቸው ነው። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ኪራዩ ወር ሲሞላ ይከፈላል። ዕቁብ ይጥላሉ፤ ዕቁቡም የሚጣለው ደመወዝ በገባ ማግስት ነው። ለቤተሰብ የሚልኩም አሉ። የሱቁ ዱቤ የሚዘጋውም ያኔ ነው። ባጭሩ ኑሯቸው በ30 ላይ ታስሯል።

ደመወዝ በባንክ ይገባል። ከቋሚዎቹ ሌላ በየሳምንቱ በእጅ የሚከፈላቸው ጥቂት የቀን ሠራተኞች አሉ። ጥበቃዎቹ ደግሞ በኤጀንሲ የተቀጠሩ ናቸው። የእነሱን ነገር ለብቻ እመጣበታለሁ።

በ2017 የተደረገው

የ2017 ገና ማክሰኞ ዋለ። ከዚያ በፊት ያለው የቅዳሜ ገበያ ታኅሣሥ 26 ላይ ነበር። ባለቤቱ ሠራተኛው ይህን ገበያ በባዶ ኪስ እንዲያሳልፍ አልፈለጉም። በ20 ወሰኑ፣ በ22 ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ሐሙስ በ24 የወሩ ሙሉ ደመወዝ በየአካውንቱ ገባ።

ማስታወቂያው ሁለት መስመር ነበር። የገና በዓልን ምክንያት በማድረግ ክፍያ ሐሙስ እንደሚፈጸም ይናገራል። የየትኛው ወር ክፍያ እንደሆነ አልተጻፈበትም። ቀጣዩ ደመወዝ መቼ እንደሆነም የለም። ስለ ትርፍ ሰዓት አንድም ቃል የለም።

በዓሉ አማረ። በጋራ በግ የገዙ ነበሩ፤ ቅርጫ የገቡም ነበሩ። ወደ መሐል ሜዳና ወደ እነዋሪ ቤተሰብ ጥየቃ የሄዱም አሉ። አንዷ ሠራተኛ "ለእናቴ በዓሉ ሳያልፍ ብር ስልክላት ይህ የመጀመሪያዬ ነው" ብላኛለች። ከዚህ በኋላ የምዘረዝረው ችግር ይህን ደስታ አይሽረውም። ቀደም ብሎ መክፈል ይቅር የሚሉ ሰዎች ይህችን ሴት ቢሰሟት ደስ ይለኛል።

ጥር ሲገባ

ከታኅሣሥ 24 እስከ ጥር 30 ድረስ 36 ቀን ነው። ለ30 ቀን የሚበቃው በመከራ የሆነ ደመወዝ 36 ቀን እንዲያደርስ ተጠየቀ ማለት ነው።

ቀኖቹም ተራ ቀኖች አይደሉም። መጀመሪያው ላይ ገና አለ። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት ነው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ መዋጮም ልብስም ይጠይቃል። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም ስለተፈታ የወጥ ቤት ወጪ ይጨምራል። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነበር። እስከዚያ ከረቡዕና ከዓርብ፣ ከጥምቀት ገሃድና ከሦስቱ የነነዌ ጾም ቀኖች በቀር ሁሉም ፍስክ ነው።

መጀመሪያ የታየው የቤት ኪራይ ነው። አከራዮች ስለ ፋብሪካው ውሳኔ አያውቁም፤ ወር ሲሞላ መጡ። ብሩ ደግሞ ከስድስት ቀን በፊት ገብቶ አልቋል። ቀጥሎ ዕቁቡ ተናጋ። ብዙዎቹ አባላት የአንድ ፋብሪካ ሰዎች ስለሆኑ አብረው አጠራቸው። ዕጣ የደረሳት ሴት ጎዶሎ ብር ተቀበለች። በጥር ሁለተኛ ሳምንት የባጃጅ ስላጡ በጠዋቱ ውርጭ በእግር የሚመጡ በዙ። ማርፈድም በዛ። ፋይናንስ በር ላይ አድቫንስ (ከቀጣዩ ደመወዝ የሚቀነስ ብድር) ጠያቂ ተሰለፈ። የማይሰለፉትም ነበሩ፤ እነሱ ወደ አራጣ አበዳሪ ሄዱ። እኔን በጣም ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የአራጣ ዕዳ ከጥር ጋር አያልቅም።

ሌላው ችግር ትርፍ ሰዓት ነው። ገና ሲቃረብ ሥራ ስለሚበዛ ብዙዎች አምሽተው ሠርተዋል። ፋይናንስ ግን በ24 ለመክፈል ፔሮሉን (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን) በ20 ዘጋ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሰዓት ወደ ጥር ተሻገረ። አሠራሩ ስሕተት አልነበረም፤ ግን ለሠራተኛው የነገረው የለም። የደመወዝ ወረቀቱን ያዩ ሴቶች "ኦቨርታይማችን ተበላ" አሉ። አለመታመን አንዴ ከገባ ለማውጣት ከባድ ነው። በኋላ ስጠይቃቸው ከብሩ ማነስ ይልቅ ያናደዳቸው ይህ እንደነበር ብዙዎች ነግረውኛል።

ከሥራ መቅረትም ነበር። ቤተሰብ ጥየቃ የሄዱት አንዳንዶቹ በሰዓቱ አልተመለሱም፤ የትራንስፖርቱም ነገር አስተማማኝ አልነበረም። የቀሩባቸው የታኅሣሥ ቀኖች ግን አስቀድመው ተከፍለዋል። ስለዚህ ከጥር ደመወዝ ይቀነስ ተባለ። ረጅሙ ወር ላይ ቅናሽ ተጨመረበት።

አዲስ ከተቀጠሩት መካከል ደግሞ በ24 የገባውን የበዓል ስጦታ አድርገው የያዙ ነበሩ። በ30 ባንክ ሄደው ሒሳባቸውን አዩ። ማስታወቂያው የታኅሣሥ ደመወዝ ነው ስላላለ አልፈርድባቸውም።

በጥር የተወሰደው እርምጃ

በጥር አጋማሽ ስጠራ መጀመሪያ የጠየቅሁት ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት አለ ወይ ብዬ ነው። ነበር። እስከ ጥር 30 ከሚጠበቅ ወዲያው እንዲከፈል ተስማማን። ከጥምቀት በኋላ በዚያው ሳምንት ተከፈለ፤ ለእያንዳንዷም የሰዓቱ ዝርዝር በወረቀት ተሰጠ። ብሩ ብዙ አይደለም። ያረጋጋው ግን እሱ ነው። "ተበላ" የሚለው ወሬ በአንድ ቀን ቆመ።

አድቫንሱ ከበድ አለ። ሠራተኞቹ የደመወዛቸውን ግማሽ ጠየቁ። ባለቤቱም ፈቀዱ። እዚህ ላይ ሕጉን ማየት ነበረብን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ መቀነስ አይፈቅድም። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ደመወዟ 6,000 ብር የሆነች ሴት 3,000 ብር አድቫንስ ብትወስድ በአንድ ወር ሊቀነስባት የሚችለው 2,000 ነው። የቀሩባት ቀኖች ሒሳብም በዚሁ ሲሶ ውስጥ ቢታሰብ ይሻላል ብዬ መከርኩ። ስለዚህ አድቫንሱ ሲሶ ሆነ፤ በጽሑፍ ተፈረመበት፤ መመለሻውም በጥርና በየካቲት ተከፋፈለ።

ረዳ ወይ? በከፊል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ስለመጣ ዘግይቷል። ደግሞም ብድር ነው። የጥር ደመወዝ ተሸርፎ ገባ፣ የካቲትም ተሸርፎ ገባ። ጉድለቱ ወደፊት ተገፋ እንጂ አልተዘጋም። ወጪው በእውነት ረገብ ያለው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው።

በ2018 የተለወጠው

በ2018 ንግግሩ የተጀመረው በኅዳር ነው። በስብሰባው ላይ አንድ የምርት ኃላፊ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ደመወዙ ከገና በኋላ፣ በጥር 3 ይከፈል፤ ያኔ ሁሉም ለደመወዙ ሲል ቶሎ ይመለሳል አለ። ይህን የሚያደርጉ አሠሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አጥብቄ ተቃወምኩ። የሰው ደመወዝ መያዣ አይደለም። በውል የተጻፈን የመክፈያ ቀን በአሠሪው ፈቃድ ብቻ ማዘግየትም ውል ማፍረስ ነው። ሕጉ ራሱ ወደዚያ አይሄድም፤ የመክፈያው ቀን እሑድ ወይም የሕዝብ በዓል ላይ ከዋለ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ክፍያው የሚፈጸመው ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን ነው። ከዚህም ሌላ ደመወዙ በባንክ ይገባል። መሐል ሜዳ ያለች ሴት ብሯን እዚያው ታወጣለች። ሐሳቡ በራሱ ሚዛንም አይሠራም። ባለቤቱ አልተቀበሉትም።

ከዚያ ሠራተኛውን ጠየቅን። በየመስመሩ በቡድን ተሰብስበው ተወያዩ። ሦስት ምርጫ ቀረበ፦ እንዳምናው ሙሉውን ከገና በፊት፣ ሙሉውን በ30፣ ወይም በሁለት ተከፍሎ። ሀገር ቤት የሚሄዱት ወጣቶች ሙሉውን ፈለጉ። ልጅ ያላቸውና ቤት የሚከራዩት በሁለት ይሁን አሉ። በሥራው ከቆዩት አንዷ ለባለቤቱ እንዲህ አሏቸው፦ "ጋሼ፣ ለበዓሉ የሚሆነንን ስጡን፤ የቤት ኪራዩን ግን እርስዎ ዘንድ አቆዩልን። እኛ ጋ ከገባ ገና ይበላዋል።" ብዙዎቹ በዚህ ተስማሙ።

ገና ረቡዕ ስለሚውል የመጀመሪያው ግማሽ ሐሙስ ታኅሣሥ 23፣ ቀሪው ሐሙስ ታኅሣሥ 30 እንዲከፈል ተወሰነ። የቅዳሜው ገበያ በ25 ነው፤ ደረሰ። የኪራዩም ብር በ30 ደረሰ። ከታኅሣሥ 30 እስከ ጥር 30 ያለው 30 ቀን ብቻ ነው። ረጅሙ ወር ጠፋ።

ክፍያው እንደ አድቫንስ እንዳይጻፍ ተጠንቅቀናል። እስከ 23 ድረስ ከግማሽ ወር በላይ ተሠርቷል። የተከፈለው የሠሩበት ነው እንጂ ብድር አይደለም። ስለዚህ የሚመለስ ነገር የለም፤ የሚቀነስ ዕዳም የለም። የሥራ ግብሩና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ሁሉ ከሁለተኛው ክፍያ ላይ ተነሣ። ፋይናንስ እዚህ ላይ በደንብ ሠርቷል። የብድር ወይም የፍርድ ቤት ተቀናሽ ያለባቸውን በስም ለይቶ፣ ቀሪያቸው በጣም እንዳያንስ የመጀመሪያውን ግማሽ ትንሽ ዝቅ አደረገላቸው፤ አስቀድሞም አነጋገራቸው።

የትርፍ ሰዓት መዝጊያው ለታኅሣሥ ብቻ ሳይሆን ለሁልጊዜም በ25 ሆነ። ከ26 ጀምሮ የተሠራው ወደ ቀጣዩ ወር ይሄዳል። ሠራተኛው ቀድሞ ስለለመደው ታኅሣሥ ላይ የተለየ ነገር አልመጣም።

ማስታወቂያው ከኅዳር ደመወዝ ወረቀት ጋር በትንሽ ካርድ ታድሏል። ሁለቱ ቀኖችና ሁለቱ የብር መጠኖች በእያንዳንዷ ስም ተጽፈዋል። "ይህ የታኅሣሥ ወር ደመወዝዎ ነው። ቀጣዩ ደመወዝ ጥር 30 ነው" የሚል መስመርም አለበት። የመስመር መሪዎች ጮክ ብለው አነበቡት። አንዳንዶቹ ካርዱን ለአከራይ አሳይተዋል፤ እኛ ያላሰብነው ጥቅም ነው።

የሠራውና ያልሠራው

በጥር 2018 ፋይናንስ በር ላይ ሰልፍ አልነበረም። አድቫንስ የጠየቁ ነበሩ፤ ግን በሕመም ወይም በሠርግ ምክንያት ነው፤ እንደማንኛውም ወር። ዕቁቡ አልተቋረጠም። ስለ ትርፍ ሰዓት ቅሬታ አልመጣም። ከሥራ በመቅረት ረገድ ብዙ ለውጥ አላየሁም፤ ቤተሰብ ጥየቃ የሄደ ሰው መዘግየቱ አልቀረም። ይህን በደመወዝ ቀን ማስተካከል ይቻላል ብዬም አላምንም። ከገና ማግስት አንድ ቀን በዓመት ፈቃድ ላይ እንዲታሰብ አስቀድሞ መስማማት ይሻላል።

ያልሠሩ ነገሮችም አሉ። በ23 ማታ በአቅራቢያው ያለው ኤቲኤም ብር አለቀበት። ሌሎች ድርጅቶችም በዚያው ቀን ከፍለው ነበር። በሞባይል መክፈል የለመዱት አልተቸገሩም፤ ሌሎቹ ዓርብን በባንክ ሰልፍ አሳለፉ። ከአንድ ቀን በፊት መክፈል ይሻል ነበር። ሩቅ የሚሄዱት ደግሞ ግማሹ አልበቃቸውም። ለእነሱ በጥያቄያቸውና በፊርማቸው እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ተፈቀደ። ፋይናንስ በአንድ ወር ሁለት ፔሮል ማውጣቱ ከብዶታል፤ ይህን አሠሪ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ብቻውን የሚችለው አይደለም።

የቀን ሠራተኞቹ ነገር ቀላል ነበር። ሳምንታዊ ክፍያቸው ከበዓሉ ዋዜማ በፊት እንዲሆን ተደረገ፤ አለቀ።

ለሌላ አሠሪ የሚሆነው

የራሱን የመክፈያ ቀን ማንቀሳቀስ የሚያስብ አሠሪ መጀመሪያ የሚቆጥረው እስከ ገና ያለውን ቀን ሳይሆን ከዚያ እስከ ቀጣዩ ደመወዝ ያለውን ነው። ከ31 ወይም ከ32 ቀን በላይ ከሆነ ክፍተቱን የሚሞላ ነገር አብሮ መወሰን አለበት። ክፍያውን በሁለት መከፋፈል አንድ መንገድ ነው። ሙሉውን ቀድሞ የሚከፍል ደግሞ የጥርን ደመወዝ ከፊል በጥር 15 አካባቢ ቢከፍል ያው ይሆናል። ይህም በብድር ሳይሆን በተሠራው ቀን ልክ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር የሚከፍሉ ድርጅቶች የገናው ችግር የለባቸውም። የዲሴምበር መጨረሻ ታኅሣሥ 22 ነው፤ ቀጣዩም ጥር 23። ኪራይና ዕቁብ ግን በሀገሩ አቆጣጠር ስለሚሄድ ሠራተኛው ስምንት ቀን ያህል ብሩን ይዞ መቆየት አለበት። እዚያም የሚሠሩ ይህንን ለአዲስ ሠራተኛ ቢያስረዱ ጥሩ ነው።

ቀኑንም ማየት ያስፈልጋል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 እንዲህ ነበር፤ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። በ28 የመክፈል ልማድ ያለው ድርጅት ያን ጊዜ ወደ 27 ማምጣት አለበት። በጽሑፍ የማሳወቂያው ጊዜ ደግሞ ኅዳር ነው። በታኅሣሥ 22 የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንም ሰው ወጪውን እንዲያስተካክል ጊዜ አይሰጥም።

ጥበቃዎቹ

በ2017 በፋብሪካው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች በታኅሣሥ 24 ሲከፈላቸው በሩ ላይ የቆሙት ጥበቃዎች የተከፈላቸው በጥር ሁለተኛ ሳምንት ነው። ኤጀንሲው ፋብሪካው ሳይከፍለው አይከፍልም፤ ፋብሪካው ደግሞ የሚከፍለው ወሩ አልቆ ደረሰኝ ሲመጣ ነው። የገና ዕለት ጥበቃ ላይ የነበሩት ግን እነሱ ናቸው። በአዋጁ መሠረት በሕዝብ በዓል ለሠሩበት ሰዓት እጥፍ ይገባቸዋል፤ ያም የመጣው ከደመወዙ ጋር ዘግይቶ ነው።

በ2018 ፋብሪካው ለኤጀንሲው ቀድሞ፣ በታኅሣሥ 22 ከፈለ። ኤጀንሲው ግን ለጥበቃዎቹ ከበዓሉ በፊት አልሰጠም። ውሉ ላይ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ውሉ ሲታደስ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፦ ፋብሪካው ከበዓል በፊት በከፈለ ጊዜ ኤጀንሲው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ለጥበቃዎቹ ይከፍላል፤ የከፈለበትንም ማስረጃ ያቀርባል። ጥበቃዎቹ የአንቀጹን ቅጂ ይዘዋል። የሚፈተነው በ2019 ገና ነው። የፋብሪካው የሠራተኞች ኮሚቴ ያን ጊዜ የጥበቃዎቹን ክፍያ አብሮ ለመከታተል ተስማምቷል።